ካሴት ቁጥር አሥራ አንድ

ጉደይቢያ፣ ማናማ፣ ከልብስ ንጽህናው ቤት ጀርባ፣
አንድ ክፍል አለችን ፀሐይ የማትገባ፤
ስድስት አልጋ፣ ስድስት ሰው፣ አንድ የሚያስል ማቀዝቀዣ፣
ከእኔ አልጋ ሥር ካርቶን፣ የሙዝ ማጓጓዣ።
በካርቶኑ ውስጥ ግን ሙዝ የለም ቢከፍቱት፣
አሥራ ሁለት ካሴት ነው፣ በፎጣ የጠቀለልኩት።

«ዘጠነኛው ምሕዋር» ይባላል ተከታታዩ፣
የሚያውቁት ጥቂት ናቸው፣ ጥቂት ናቸው ያዩ።
መርከቧ ብረት ናት ይሉናል፤ ካርቶን ናት፣
ስትበር ክሩ ይታያል ሲጎትታት።
የባዕዱ ዓለም ንጉሥ ፊቱ ላይ የለጠፈው
የእንቁላል መያዣ ነው፣ በአረንጓዴ የለቀለቀው።

እኔ ግን አምናለሁ። ካውያ ይዤ ስውል፣
ነጭ ጀለቢያ ስተኩስ፣ አንገቱን ሳስተካክል፣
እንፋሎቱ ሲነሣ፣ ፊቴን ሲሸፍነው፣
የሰባቱ ጨረቃ ጉም ነው እላለሁ፣ የምናቋርጠው።

የሸጠልኝ ቫሱዴቫን ነው፣ አንዱን በሦስት መቶ ፊልስ፣
ሱቁ ጠባብ፣ አየሩ እርጥብ፣ መደርደሪያው የሚፈርስ።
«ሻጋታ ይበላዋል» አለኝ፤ «ይህ ባሕር አይምርም፣
እዚህ ሰው እንኳ ይዝጋል፣ ፕላስቲክ አይተርፍም።»
በጥጥና በአልኮል ክሩን ጠረግሁት፣ ሜትር በሜትር።
ሸምሱ ከላይኛው አልጋ፦ «ይህን ያህል ለማን ነው የምትጥር?
ሰው ፊልሙን በስልክ ያያል፣ ይሰርዘዋል ሲነጋ፣
አንተ ሬሳ ገንዘህ ታድራለህ ባንድ አልጋ።»

የሳንሱር መቀስ አልፎበታል፤ እዚህም እዚያም ይዘላል።
ካፒቴን ኦርላና መካኒኩ ፊት ለፊት ይጠጋጉና… ይዘላል፤
ሁለቱም ካፖርት ለብሰው በረዶ ላይ ቆመዋል።
ስንት ዓመት አሰብኩ፦ በዚያች ስንጥቅ ምን ቀረ?
መሳም ብቻ ነው ወይ እዚያ የተቀበረ?

የጎደለኝ አንድ ነበር፣ ቁጥር አሥራ አንድ።
በአሥሩ መጨረሻ መርከቧ በእሳት ስትነድ፣
በአሥራ ሁለት መጀመሪያ ቁጭ ብለው ይስቃሉ፤
የኦርላ ግራ እጅ ግን የለም፤ ምን እንደ ወሰደው አይሉ።
በአሥራ ሦስት ያበቃል፤ ሳይጨርሱት፣ ገንዘብ አጥሮ ነው አሉ፤
ከኮከቡ ደጅ፣ አንድ እግራቸውን አንሥተው፣ እዚያው ይኖራሉ።

አርብ ጠዋት፣ ሙሐረቅ፣ የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣
ከዛገ ማራገቢያ ሥር፣ ከወርቅ ቅብ መስተዋት ወዲያ፣
አየሁት። ጀርባው ላይ አሥራ አንድ። እጄን አላበኝ።
አንድ ዲናር አለ ሻጩ፤ ሳልከራከር ስሰጥ ጠረጠረኝ።
ጎኑ ላይ ፕላስተር ነበር፣ ቀዳዳው የተደፈነበት።
ምነው ያኔ ልብ ባልኩበት።

ማታ ስድስታችንም ተቀመጥን፤ ሸምሱም ሳይቀር ወረደ።
ሰማያዊ፤ ጭረት፤ አሸዋ መሰል ድምፅ ነጎደ።
ከዚያ ጠፈር የለም። ሳሎን ነው። ፊኛ። ቀይ ምንጣፍ።
የሰው ልደት ቀድተውበታል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ።

ኔፓሎቹ ሣቁ።
ሸምሱ «ወይ አንተ!» ብሎ ወደ አልጋው።
እኔ ለምን እንዳላጠፋሁት እንጃ።

ከሥዕሉ ዳር ግማሽ ትከሻና ግማሽ ትሪ ይታያል፤
ካሜራው ያለፋት ሴት፤ ፊቷን ጠርዙ ቆርጦታል።
ልጁ ኬኩ ላይ ሲያጎነብስ፣ ጸጉሩ እሳት ሊነካ፣
«ቀስ! ቀስ፣ የኔ ጌታ…»
አማርኛ ኖሯል ለካ።

ሸምሱ ተመልሶ ወረደ። «ድገመው» አለኝ፤ ደገምኩት።
«የወሎ ልጅ ናት» አለ። «በአንድ ቃል?» አልኩት።
አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ፣ መሣሪያው እስኪግል ድረስ፣
ልጁ ሻማውን እፍ ሲል፣ ጭሱ ወደ እሷ ሲመለስ።

ልደቱ ካበቃ በኋላ፣ ከነጩ ጭረት ወዲያ፣
ሦስት ደቂቃ ተርፏል፦ ኦርላ፣ በመርከቧ መተላለፊያ፣
ያለ ግራ እጅ ቆማ፤ ከሥር በዐረብኛ ተጽፎ፣
«ማን እንደ ጠበቀን አላውቅም» ይላል፤ ያም ያልቃል ሳይቋጭ አልፎ።

ዝርዝሬን አስተካከልሁ፤ ክዳኑ ላይ እንዲህ ጻፍሁ፦
ክፍል ሃያ አንድ፦ መርከቧ ሙሐረቅ ላይ አርፋለች።
ክፍል ሃያ ሁለት፦ አንዲት ሴት እሳቱን ቀድማ አይታለች።

ካሴቱ አሥራ ሦስት ሆነ፤ ፎጣው አልበቃ አለ።
ነገ ጥጥ እገዛለሁ።
አልኮሉም አልቋል።