ቀይዋ ምልክት

ሠላሳ አንድ ዓመት ቆጣሪ አነበብኩ፣
ከሸዋበር እስከ ሆጤ ዳገት ቁልቁል አልኩ፤
ጭጋግ ከጦሳ ወርዶ ደጃፉን ሲያስተኝ
የውሻው ጩኸት ነው ቤቱን የጠቆመኝ።

ገመና አልጠየቅሁም፣ ማንም አልነገረኝ፤
ከመስታወቱ ኋላ የምትዞር ሳህን ነች ሹክ የምትለኝ።
ቀይ ምልክት አለቻት፣ ጠርዟ ላይ ያለች፤
ብቅ ትላለች፣ ትጠልቃለች፣ ደግሞ ብቅ አለች።
ልብስ ሰፊው ሲያመሽ ትሮጣለች፣
ተከራይ ሲለቅ ታዘግማለች፣
ሠርግ ካለ ትከንፋለች፤
አንድ ቀን እንኳ እኔን አልዋሸች።

ጡረታ ስወጣ ሙያዬ ተከትሎኝ መጣ፤
ማብሪያ ማጥፊያው ሥር ቆምኩ፣ ሰው ሲገባ ሲወጣ።
«ክዳኑን ግጠሚ፣ እንፋሎት ብር ነው፤
ሽምብራው ተዘፍዝፎ ይደር፣ ውሃ ያለስልሰው፤
ማሞቂያው ይነቀል፣ ለማን ነው የሚፈላው?
ፍሪጁን ከግድግዳው ለቀቅ አርጊው፣ ይተንፍስ ጀርባው፤
ካውያው ለሳምንቱ አንዴ ይጋል፣ ከጋለ ንቀዪው፤
ሻርፕሽን በትራፊው ሙቀት ጨርሺው።»
መዲና ትስቃለች፦ «ይሁን፣ እሺ ይሁን፤
ደግሞ እኔን እንዳትነቅል፣ ሶኬት መስዬህ እንደሆን።»

አንድ የሐምሌ ሌሊት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጥ፣
ወጥቼ ባትሪ ባበራ፣ ሳህኗ ስትሮጥ!
ሰው ሁሉ ተኝቷል፤ ምንድን ነው የሚነደው?
በእግሬ ጣት ጓዳ ገባሁ፣ ሌባ እንደሚይዝ ሰው።
መዲና በርጩማ ላይ፣ ጉልበቷን ለምድጃው ሰጥታ፣
የጋለው ሽቦ ፊቷን አቅልቶት በዚያ ማታ፣
አየችኝ። አልተናገረች። እኔም አልተናገርኩ።
እጄን ሰድጄ አጠፋሁት፤ ወደ አልጋዬ ተመለስኩ።

በማግስቱ የመስኮቱን ሽንቁር በጨርቅ ወተፍኩ፣
ከበሩ ሥር አሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ አጋደምኩ፤
ቤቱ ሞቀ፣ እውነት ነው።
ያቺን ሌሊት ግን አላሞቅኩ።

ካቻምና ጥቅምት ላይ መዲናን ሸኘናት፤
በወሩ ሂሳቡ በግማሽ ወረደ፤ ገንዘብ ተቀባይዋን ገረማት።
«አባባ፣ ዘዴው ምንድን ነው? ለኛም ያስተምሩና!»
ደረሰኙን አጠፍኩ፤ ወጣሁ፣ መልስ አጣሁና።
«አንድ ሰው ጎድሎ ነው» ልበላት?
ይሄን ቁጠባ በምን ሂሳብ ላስላላት?

አሁን ያለችኝ ኢክራም ነች፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገብታለች፤
የማታ ፈረቃ ሲደርሳት፣ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ትመጣለች፣
ሰርቪሱ የሐረጎን ጥምዝምዝ አቃስቶ ሲያወጣት።
እኔ ቴሌቪዥኑን ነቅዬ፣ ሳሎኑን አጨልሜ፣
የበሩን አምፖል ብቻ ትቼ፣ ቆጣሪው ሥር ቆሜ፣
እቆጥራለሁ። ዘጠኝ ዋት ናት፣ አዲሷ፣ ቆጣቢዋ፤
ቀይዋ ምልክት ቶሎ አትመጣም፣ ረጅም ነው ዙሪያዋ።
ብቅ። መኪና ከሩቅ ይሰማል፤
ውሻ ይጮኻል፤ የሌላ ሰው መኪና ነው፣ ያልፋል።
ጠለቀች። ጉልበቴን ብርድ ይቆረጥመዋል።
ደግሞ ብቅ።

በኋላ በሩ ሲጢጥ ይላል፤ ፀጉሯ ላይ ጤዛ፣
ከምሳ ዕቃዋ ጋር ግማሽ ዳቦ ይዛ፣
«ዛሬም ቆመሃል አባ? ብርዱን አታየውም?» ትልና
ገና ጫማዋን ሳታወልቅ፣ እጇ ማጥፊያው ጋ ይሄድና፣
ቀጭ።

የኔው ልጅ። ምን እላታለሁ?
በጨለማው ውስጥ ሳህኗ አዘገመች፤ ፍሪጁ ብቻ ቀራት።
ተደጋግፈን ገባን።