ሦስተኛው ድምፅ

ሠላሳ አንድ ዓመት ድንጋይ አንብቤያለሁ፤
የሱፐሪየርን ሐይቅ የገደሉን ድርብ፣ ዕድሜውን አውቃለሁ።
ሚሊዮን ዓመት ብስት ማንም አይከሰኝም፤
ድንጋይ እናት የለው፣ ደውሎ አይወቅሰኝም።

ኅዳር ላይ ግን ዲኑ "ተራሽ ደርሷል" አለኝ፤
ከሒሳቡ ሌናርድ፣ ከቤተ መጻሕፍቷ ኦዴት ጋር
መስኮት የሌለው አንድ ክፍል ሰጠኝ።

ረጅም ጠረጴዛ። አንድ ካርቶን ሶፍት። መቅጃ።
መሐል ላይ መጋረጃ፣ ከቲያትር ክፍል የተዋሱት፣
ጥጉ ላይ ከድሮ ትርኢት የተረፈች
ግማሽ ጨረቃ የተሣለችበት።

ከዚህ ወገን ኢንግሪት ሶልቫንግ፣
እጅጌዋን ስባ፣ መዳፏን ሸፍና፤
ከዚያ ወገን ኮልቢ ሬንክዊስት፣ የወንድሙን ኮት ለብሶ፣
አንገቱ የቀጠነ፣ እንደ ጫጩት ገና።

የሁለቱም ታሪክ አንድ መንገድ ሄዶ
አንድ በር ላይ ይደርሳል፤
በረዶው የጋራ፣ ሳቁም የጋራ ነው፤
በሩ ሲዘጋ ግን ለሁለት ይከፈላል።

እሷ "ዝም አልኩ" ትላለች።
እሱ "ዝም አለች" ይላል።
የቃሉ ጅራት ብቻ ተለወጠ።
ዝም አይነቅዝም ይሉ ነበር፤
ይኸው ነቀዘ፤ ዱቄቱ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤
ማን ይጥረገው?

ደንቡ እንዲህ ይላል፦ ተከሳሽ ከሳሽን ፊት ለፊት አይጠይቅ፤
ጥያቄውን ይጻፍ፣ ሰብሳቢዋ ታንብብ።
ሰብሳቢዋ እኔ ነኝ።
ቤቴ ሶፋ ላይ ሳነበው መልካም ደንብ ነው ብዬ ነበር።

ከዚያ ወረቀቱ መጣ፣ በእርሳስ፣
ሦስቴ ተፍቆ የሳሳ፦
"በሩ አልተቆለፈም። ለምን አልወጣሽም?"
በገዛ አፌ፣
ልጄን ለእራት በጠራሁበት ድምፅ፣
"ለምን አልወጣሽም?" አልኳት።
አየችኝ። እሱን አይደለም፤
እኔን።

ሌላ ወረቀት ከእርሷ በኩል፣ በሰማያዊ ቀለም፦
"ለምን አልጠየቅኸኝም?"
እሱንም አነበብኩ፣ በዚያው ጉሮሮ።
አፉን ከፈተ፣ ዘጋ።
"የሚጠየቅ አልመሰለኝም" አለ፤ አለቀሰም።
ዕንባው እውነት ነው፤
ስለ ምን እንደሆነ ግን ዕንባ አይናገርም።

ሌናርድ የማለዳዋን መልእክት አነሳ፦ "ደህና ገባሁ፣ አመሰግናለሁ።"
"ይህ የተጎዳ ሰው ቃል ነው?"
ኦዴት፦ "የተጎዳ ሰው እንዴት ይጽፋል? ናሙና አለህ?"
ሌናርድ፦ "ሰነዱን ልጁ ያየው ከትናንት በስቲያ ነው። ጠበቃው አጠገቡ ተቀምጦ
አንድ ቃል መተንፈስ አልተፈቀደለትም።
የምንጠላውን ሰው ካልጠበቀ ሥርዓት ምን ሊሆነን ነው?"
ኦዴት፦ "እሷ ስምንት ወር ጠበቀች፤
በየቀኑ ምሳ ሰዓት ከእርሱ ጋር አንድ ሰልፍ ቆማ።"
ሁለቱም ልክ ናቸው። የከፋው እሱ ነው።

ቤተ ሙከራዬ ውስጥ የአሸዋ ቅንጣት የሚመዝን ሚዛን አለኝ፤
ዙሪያው መስታወት ነው፤ የሰው ትንፋሽ ያወዛውዘዋል።
እዚህ ክፍል ግን ሁላችንም እንተነፍሳለን፣
ደንቡም "ከግማሽ በላባ ታህል ከበለጠ ይበቃል" ይላል።
ላባዋ ከማን ክንፍ ወደቀች?
ማን ነው ያየ?

ሌናርድ አልሆነም አለ።
ኦዴት ሆኗል አለች።
ቀኑን ሙሉ ለሁለት ልጆች ያከራየሁት ድምፅ
ማታ ደክሞት ወደ እኔ ተመለሰ።
"ሆኗል" አልኩ።
ዛሬም ብጠየቅ ያንኑ እላለሁ፤
ዛሬም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅቼ እቆጥረዋለሁ።

ኮልቢ ልብሱን በጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ጭኖ ሄደ፤
እናቱ ሞተሩን ሳታጠፋ ጠበቀችው።
በየካቲት ኢንግሪትም ሄደች፣
አሸንፋ።
ማንም ሲሸኛት አላየሁም።

መጋረጃው ወደ ቲያትር ክፍል ተመለሰ፤
በሚያዝያ ትርኢት ጨረቃዋን አዲስ ቀለም ቀብተዋት አየሁ፤
ሰዉ አጨበጨበ።

ያን ማታ ልጄ ከሩቅ ከተማ ደወለች፣
እሷም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ናት።
"እማ፣ ድምፅሽ ምን ሆነ?" አለች።

ዝም አልኩ።
ምን ብላ እንደ ሰማችው
አላውቅም።