የኘን ስለት

አራት ሴት ልጆቹን በአራቱ ምግባር
ሰይሞ ጨረሰ፣ እንደ አያቶቹ ነገር፤
ኮንግ አላት ታላቋን፣ ሥራ ወዳድ ትሁን፤
ዙንግ አላት ተከታይዋን፣ ይባርከው መልኳን፤
ንጎን አለ ሦስተኛዋን፣ ቃሏ ይለስልስ፤
ሃኝ አለ አራተኛዋን፣ ጠባይዋ ይታነጽ በቀስ።
አምስተኛው እርግዝና ወንድ ነው ብለውት
ለድግስ ጠርቶ ነበር ሰፈር ጎረቤት፤
አዋላጇ ብቅ ብላ «ሴት ናት» ስትለው
ጨው ሜዳው ዳር ቆሞ ባሕሩን አየው።
«ኘን» አለ በመጨረሻ። ትዕግሥት ማለት ነው።
ለሕፃኗ ይሁን ለራሱ፣ ማን ያውቃል፣ የመከረው።

(በእኛ ገበታ ላይ «ኘ» ዳር የቆመች ናት፤
ስም አይጀምርባትም፣ መሐል ነው የምናውቃት።
እዚያ ግን፣ ቬትናም፣ ከባሕር ዳር መንደር፣
በእርሷ ተከፈተ የአንዲት ሴት ዕድሜ በር።)

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላል ያገሬ ሰው፤
የእርሷን ያወጣው ግን ወንድ ልጅ ያጣ ሰው ነው።

በጥንቱ ጽሕፈት ኘን ሲጻፍ እንዲህ ነው፦
ልብ ከሥር ይተኛል፣ ስለት ከላዩ ነው።
ፊደል የሚያውቅ አዛውንት፣ አሸዋ ላይ ሥሎ፣
በሰባት ዓመቷ አሳያት፣ እንዲህ ብሎ፦
«ይህ ልብሽ ነው ልጄ፣ ይህ ደግሞ ካራ፤
ካልተንቀሳቀስሽ አይቆርጥሽም፣ አደራ።»

አልተንቀሳቀሰችም።

ባሕሩ በቦይ ገብቶ ፀሐይ ሲመጠው፣
ሦስት ቀን ተጠብቆ ሊነጣ ሲል ጨው፣
አንዲት ካፊያ ብቻ ከደመና ትወርዳለች፤
ኘን መጥረጊያዋን አንሥታ ከአንድ ትጀምራለች።
ደላላው ሚዛን ላይ አውራ ጣቱን ጥሎ
ይስቅባት ነበር «ኘን አይደለሽ?» ብሎ።
ወረፋ ሲያልፏት፣ አማቷ ስትዘልፋት፣
ሁሉም ስሟን ጠርቶ አፏን ዘጋባት።

ቶዋይ ሲያገባት ወርቅ መግዣ አልነበረው፤
በዚያ አገር ቋንቋ ደግሞ፣ ኘን ቀለበትም ነው።
«ስምሽ ቀለበት አይደል? ምን ያደርጋል ሌላ?»
ሠርገኛው ሳቀለት። እርሷም ሳቀች፣ ኋላ።

ቶዋይ ከተቀበረ በሁለተኛው በጋ፣
ዝናብ ረሳቸውና ሜዳው በጨው ነጋ።
ደላላውን አልፋ፣ በኪራይ ሞተር ጭና፣
ከተማ ወሰደችው፣ በራሷ ሚዛን መዝና።
ሸጠች። ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች።
ከዚያ ወርቅ ቤት ገባች።

ቀለበቱ ግን እምቢ አለ አንጓዋ ላይ ሲደርስ፤
አርባ ዓመት ጨው የበላው ጣት እንዴት ይመለስ?
ሻጩ ወጣት ነበር፣ ትሑት፣ ሸሚዙ የነጣ፤
«አሥር ቀን ይታገሡን እማማ፣ ሰፍቶ እስኪመጣ።»

ኘን ሳቀች። እንዲህ ስቃ አታውቅም።
«ልጄ፣» አለችው፣ «አልታገሥም።»

በትንሿ ጣቷ አጠለቀችው።
ስለቱ ያን ጊዜ ደረሰ፤ ከልቧም ላይ አነሣችው።

ልጁ ደረሰኝ ሲጽፍ ስሟን ጠየቃት፣
የምትቀልድ መስሎት ደግሞ ጠየቃት፤
ከዚያ ቀና ብሎ አያት፣ ጎንበስም ብሎ ጻፈ፣
አንዱ ቃል ሁለት ጊዜ በወረቀቱ አለፈ፦

የዕቃው ዓይነት፦ ኘን።
የገዢው ስም፦ ኘን።