ሰማንያችን

ቶኮናኦ መንደር፣ ከጨው ሜዳው ዳር፣
ባሌ ኤርሞሄነስ ከቻርጀሩ ጋር
ተፋጦ ያመሻል፤
ወተት እንደ ጣደች ሴት፣ ዓይኑን መንቀል ይፈራል።

ሰባ ስምንት ሲል ወንበሩን ይስባል፣
ሰባ ዘጠኝ ሲል መነጽሩን ያጠልቃል፣
ሰማንያ!
ገመዱ ተነቀለ። አንዲት ነጥብ አታልፍም።

ሃያ ሁለት ዓመት የጨው ኩሬ ዘበኛ፣
ጡረታ ሲያወጡት ሆነ የእኔ ዳኛ።
የእኔን ስልክ፣ የልጄን፣ የዶኛ ኔሬይዳን፣
የፓድሬውን ሳይቀር፣ መጥተው ሲጠይቁን፣
ከአምስት አንድ አጉድሎ ለባለቤቱ ይመልሳል፤
«ጠግቦ የሚያድር ባትሪ» ይላል፣ «ቶሎ ያረጃል።»

እኅቴ ኦቱሊያ ከካላማ ደውላ፣
የሠርጉን ቤት ጉድ ልትነግረኝ ጠቅልላ፣
«ሙሽራዋ ለካ ከዚያ ከ…»
ድርግም።
ጥቁሩ መስታወት ላይ የራሴን ፊት አየሁ፤
ከማን ጋር እንደ ኮበለለች እስከ ዛሬ አላወቅሁ።

ያን ዕለት ጮህኩበት፦
«ሙሉ ሳለ፣ በጎዶሎ የሚኖር የት ታየ፣ በማን ቤት?
ስማ አንተ ሰውዬ፣ ይብቃህ፣ ከፈረስህ ውረድ፤
ወይ መቶ አድርስልኝ፣ ወይ ሰማንያዬን ቅደድ!»

ሳቀ።
ሳቀና ዝም አለ። እሱ ሲጣላም እንዲሁ ነው።

ሌሊት ተነሥቼ፣ ሌባ በገዛ ቤቴ፣
ሰካሁት ከዱቄቱ ዕቃ ኋላ፣ እስኪነጋ ነበር ጉጉቴ።
በማለዳ መቶ! አረንጓዴ፣ ሙሉ፤
ግን ንዳድ እንደ ያዘው ልጅ ይፋጃል ገላው ሁሉ።

ከእጄ ላይ ወሰደው። ዱቄቱን በእጅጌው ጠረገ፣
መዳፉ ላይ አኑሮ እንደ ጫጩት አደረገ።
«ኤውላሊያ» አለኝ፣ «ይሄ ውስጡ ያለው
የሜዳችን ውሃ ነው፤ እኔ ቀዳሁት፣ ፀሐይ አበሰለው።
ዓመት ከመንፈቅ ከኩሬ ኩሬ ሲሻገር፣
ሰማያዊው ቢጫ፣ ቢጫው ዘይት ሲመስል፣ አጠገቡ ነበርኩ፣ ከዳር።
ፍላሚንጎዎቹ ከሐይቁ ሲያንሱ፣ ዓመት ዓመቱን ሲያንስ፣
ደመወዜን ተቀብዬ ዝም ያልኩት እኔው ነኝ፣ ኤርሞሄነስ።
አሁን በምን አፌ ነው፣ በሁለት ዓመቱ
‹አረጀ፣ ጣሉት› የምለው፣ ሳያልቅ ጉልበቱ?
እስከ ጣሪያው ሲሞላ ይጨነቃል፣ ሆዱ ይነፋል።
ሰው በሞላ አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ ቢያድር እንዴት ይሆናል?
ትንሽ ቦታ ተይለት። ይተንፍስ።»

እሱ ስለ ስልክ አወራ፤ እኔ ሌላ ሰማሁ።
አርባ ዓመት ሙሉ ያኮረፍኩበትን ዝምታውን አየሁ፦
ሲጣላ፣ ሲወደኝ፣ እናቱን ሲቀብር፣
የመጨረሻዋን ቃል ከጥርሱ ኋላ ሲያስቀር፣
«ጎዶሎ ሰው ነው» እያልኩ ለእኅቴ ያማኋት፣
ለካስ ያቺ ባዶ ቦታ፣
ሳናብጥ፣ ሳንፈነዳ ያቆየችን፣
እሷው ኖራለች ሰማንያችን።

ይህን አልነገርኩትም።
ለእሱም ሃያ አስቀረሁበት።

በመጋቢት፣ ልጃችን ያስና ለነርስነት ትምህርት ስትሄድ፣
እስከ ኮኪምቦ ድረስ፣ የሌሊትና የቀን መንገድ፣
ከዋዜማው ሌሊት ነቅቼ ብርሃን አየሁ ከማድ ቤት፤
ወንበሩ ላይ ነው፣ የልጅቷን ስልክ ይዞ።
ሰማንያ አለፈ።
ዘጠና። እጁ ጉልበቱ ላይ ፈዝዞ።
ዘጠና ስድስት።
«አልተኛህም?» አልኩት። «መንገዱ ሩቅ ነው» አለኝ።

ዶሮ ሲጮህ መቶ ሆነ።
ያኔ ነቀለና፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ፣
ከቦርሳዋ ኪስ ከተተው፣ ሁለት በለስ አብሮ አድርጎ።

በማግስቱ ማታ ደወለች። ደኅና ገብታለች፣ ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ባሕሩ ይሰማል።
«ባትሪሽ ስንት ቀረው?» ነበር የመጀመሪያ ጥያቄው።
«አሥራ አንድ፣ አባ።»
ወደ እኔ ዞረ፣ ሎተሪ እንደ ወጣለት ሰው፣
አሥራ አንድ ጣት የለውምና
አሥሩን ጣቶቹን ዘርግቶ አሳየኝ፣
ከዚያም፣ ጥቂት አስቦ፣
አገጩን ጨመረ።