ሦስት ጊዜ ነግራሃለች

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተሳቢ ስጎትት፣
ሐረጎን በሌሊት በጉም ስወጣበት፣
ፍሬን ከመጋሉ ሽታው ይደርሰኛል፣
ጎማ ከመፍሰሱ ድምፁ ይነግረኛል።
ብረት ሲናገር ነው ጆሮዬ የሚሰማ፤
ከገዛ ጓሮዬ፣ ከጭቃው ላይ ቆማ
እምቧ የምትለው፣
ምን ትላለች? እንጃ።

ጦይባ ናት ያመጣቻት፣ ከኮምቦልቻ ገበያ፣ በዕቁብ ብር ገዝታ፤
ክልስ ናት፣ ቀይ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ እንደ ወተት ጠብታ።
«ቦቃ» አለቻት።
እኔ ጡረተኛው፣ ሆጤ ቤቴ ገብቼ ሥራ የፈታሁት፣
በመጀመሪያው ጧት ከኋላዋ መጥቼ፣
እንደ ረዳቴ ትከሻ ዳሌዋን ቸብ አደረግሁት።
እግሯ ሲነሳ አላየሁም፤
አጥሩን ነው ያየሁት፣
ከሥሩ ተኝቼ።

ጦይባ ሳቋን ዋጠች። «መኪናህ ስንት መስታወት ነበረው?»
«አራት» አልሁ፣ ጭኔን ይዤ።
«በአራቱም የማይታይ፣ የተሰወረ ስፍራ የለው?»
«አለ እንጂ፣ ከተሳቢው ጀርባ፤ ብስክሌት የሚጠፋበት።»
«እሷም እንደዚያው ናት፤ ግራ ቀኟን ታያለች፣ ኋላዋ ጨለማ ነው።
በትከሻዋ በኩል ና፣ ስሟን እየጠራህ፣ ሳትቸኩልባት።
ከኩርባው በፊት ጥሩንባ አትነፋም ነበር? እንደዚያው።»

ገመዷን በእጄ ስጠቀልል አይታ፣
ከመዳፌ ነጠቀችው በቁጣ፤
ያጎቷን የይመርን ቀኝ እጅ አነሳችብኝ፣ አራት ጣት የቀረው።
«ያዝ እንጂ አትጠምጥም፤
የደነገጠች ጊደር ጣት አትቆጥርም።»

ነሐሴ ነው። ጦሳ ጉም ለብሶ፣ ሰፈሩ መብራት አጥቶ፣
ጦይባ ሐይቅ ለቅሶ ሄዳ፣ የእኔም እንቅልፍ ሸሽቶ፣
ቦቃ ወለደች።
ባትሪ ይዤ ገባሁ፤ ብርድ እንዳይገባ ብዬ፣
የበረቱን በር ቆለፍሁት ከኋላዬ።
ጥጃው እርጥብ ነው፣ ይንቀጠቀጣል፤ በጋቢዬ ላደርቀው ጎንበስ ስል
ራሴን አገኘሁት በእሱና በእናቱ መሀል።
ያቺ ጨው ከመዳፌ የምትልስ፣ ናፍጣ የሸተተ እጄን የለመደች ላም፣
ያን ሌሊት አላወቀችኝም፤
ወይም አውቃኛለች፣ ግን ግድ አልሰጣትም።

ሁለት የጎን አጥንት።
ያወጣኝ የጎረቤት ልጅ ነው፣ ቆርቆሮውን ገንጥሎ፤
በሩንማ ቆልፌዋለሁ።

ጠያቂ በዛ። ሥጋ ሻጩ ሙሄም ብርቱካን አንጠልጥሎ
መጣ፤ በመስኮቱ ወደ ጓሮ እያየ፣
«ክፉ ናት፣ ሰው ለምዳለች፤ በደህና ዋጋ እወስዳታለሁ» አለ።
ጦይባ ብርቱካኑን እጁ ላይ መለሰችለት።
ወደ እኔም ዞራ፣ «ክፉ አይደለችም፤ ሦስት ጊዜ ነግራሃለች፤
አስበው እስቲ፣ ሥራ የለህ» አለች።

አሰብሁት፣ ስተነፍስ እየወጋኝ።
መጀመሪያ ጎኗን ሰጥታኝ ቆመች፣ እንደ ተገተረ ተሳቢ መንገድ ዘግታ፤
«ስታምር» ብዬ ነበር፣ ባትሪው ጀርባዋ ላይ ሲያበራ።
ቀጥሎ ራሷን ዝቅ አደረገች፣ አፍንጫዋ ነፋ፤
ጉንፋን መሰለኝ።
በመጨረሻ በፊት እግሯ ጭዱን ጫረች፣ አንዴ፣ ሁለቴ፤
እኔ ጋቢዬን አስተካክል ነበር።
የፍሬን ሽታ አዋቂው።

ዛሬ አርባ ቀኔ ነው።
በሩን ገርበብ አድርጌ ተውሁት፣ መውጫዬ እንዲታየኝ፤
በትከሻዋ በኩል፣ «ቦቃ፣ ቦቃዬ፣ እኔ ነኝ፤»
ጥጃው ከእሷ ወዲያ፣ እሷ መሀል፣ እኔ ከዳር።
ጭራዋ ልቅ ነው፣ ዝንብ ያባርራል።
አንድ ጆሮዋን ወደ እኔ መለሰች።
ቆምሁ፣
ሁለተኛው እስኪመጣ።