ሦስተኛ ቀን ግብጦ

መምህር ኤርጊቾ፣ ከሆሳዕና መጥቶ፣
ጓሮ ዳር ካለችው አንዲት ክፍል ገብቶ፣
የደምበጫን ገበያ ሲዞር አርፍዶ ውሎ
አንድ ጣሳ ግብጦ ገዛ ባቄላ ነው ብሎ።
ቀቅሎ በላና፣ ሌሊቱን በሙሉ
ሲያስመልሰው አደረ። ጎረቤቶች ሁሉ
ከት ብለው ስቀው «ምነው ሳትጠይቅ?» አሉ።

አባቴ አልሳቀም። ተምጫ ይዞት ወርዶ
ከረጢት አሳየው፣ በድንጋይ ተገዶ
ውኃ ውስጥ የተኛ። «ተቆልቶ፣ ተቀቅሎ፣
ስድስት ቀን፣ ሰባት ቀን ወንዝ ውስጥ ተጥሎ፣
መራራውን ውኃው ለዓባይ ሲያደርሰው
ያን ጊዜ ነው ግብጦን ሰው የሚቀምሰው።»

ሰውየው ዝም አለ። የዚያን ዕለት ማታ
ኮባችን ሥር ቆሞ አገኘሁት። በእርጋታ
ግንዷን ይዳስሳል፣ እንደሚገዛ ላም።
«ምኗን ትበላላችሁ?» «ቅጠል ናት፣ አትበላም።
ዳቦ ነው የምንደፋባት፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካ።»
ሳቀብኝ በተራው። «እናንተ ሰዎች፣ ለካ
ጠላውን ደፍታችሁ ጋን ትልሳላችሁ!
አንድ ኮባ ስጡኝ፣ ክረምቱን ላሳያችሁ።»

አባቴም ፈቀደ። ጣለ፣ ፋቀ፣ ጨመቀ፣
ሸሚዙ ጠቋቆረ፣ ጣቱ ተሰነጠቀ።
«የእናቴ ሙያ ነው» አለን እያፈረ፣
«እኔ በልቼ እንጂ መች እጄ ተማረ?»
ጉድጓዱን ቆፍሮ፣ በቅጠል አልብሶ
ቀበራት። ድንጋይ ጫነባት መልሶ።

መንደሩ ተነሣ። «አስከሬን ነው» ተባለ፤
«ወርቅ አግኝቷል» ያለም፣ «መተት ነው» ያለም አለ።
ሁለት ወር ቆይቶ ሽታው ሲነሣ ላይ
ውሻው እንኳ ሸሸ። ይታይሽ፣ አጥሩ ላይ፣
በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ይዛ፣ «ዋይ!
ይህንን ሊበላ?»

የነቢያት ጾም ገብቶ፣ የከፈተው ዕለት፣ ማንም አልቀረ።
ጨመቀ፣ አንጠረጠረ፣ በቅጠል ጋገረ፣
ቆራርሶ በሰፌድ፣ ከጎመን ጋር፣
መሐላችን አኖረው።
እጁን የዘረጋ የለም።

«ጾም አይሽርም» ብለው አባ ጤናው ባረኩ፤
የራሳቸውን ቁራሽ ግን ለዲያቆኑ ላኩ።
ዲያቆኑ ለአንማው፣ አንማው ለውሻው ጣለ፤
ውሻው አሽትቶ መምህሩን አየና ዝም አለ።

ያኔ አክስቴ ፈንታነሽ፣ ከሰው መሐል ወጣ
ብላ (በሰው ቤት ውኃ እንኳ የማትጠጣ)
ቆርሳ ጎረሰች።
አላመጠች። ቆመች። ደግማ አላመጠች።
አፍ አፏን አየናት። ሰማይ ሰማይ አየች።
ዋጠች።

«ሦስተኛ ቀን ግብጦ!» አለች፣ «ይኸው ነው ጣዕሙ፤
እሱ ነው ያልደረሰ፣ ወይስ እኔ ነኝ?... ስሙ፣
ሌላ ቁራሽ ስጡኝ፤ አራተኛው ቀን ይድረስ።»
እንዲህ ስትቆጥር ዋለች፣ እስከ ሰባት ድረስ።

እኔስ?
ጥርሴን አመመኝ አልኩ። ጥርሴ ደህና ነበር።
ቁራሼን ደበቅኳት ከቅጠሎቹ ሥር።

መምህር ኤርጊቾ በሦስተኛው ዓመት ተዛወረ፤
ጉድጓዱ ዝናብ ሞልቶት እንቁራሪት አደረ።
እናቴ ለዳቦ ኮባ ስትቆርጥ፣ አሁንም፣
ግንዷን አንዴ ትነካለች። ምንም ግን አትልም።

አምና፣ ባሕር ዳር ላይ፣ ደመወዝ የወጣ ዕለት፣
ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር ገባን ክትፎ ቤት።
ቆጮ መጣልን፣ ነጭ፣ ስስ፣ በአራት ማዕዘን የተቆረጠ፣
ዋጋው ከኪሴ በፊት ልቤን የቆነጠጠ።
ጎረስኩት። ደህና ነው። ግን አንድ ነገር ጎደለኝ፤
ያ ይታይሽን ያስጮኸ፣ እኔንም ያስዋሸኝ።
«ስንተኛ ቀኑ ነው?» ብለው፣ አስተናጋጁ ግራ ተጋባ፤
«ኧረ ትኩስ ነው፣ ጋሼ። ዛሬ ጠዋት የገባ።»