የቪበ ጡብ

ጎረቤቴ ቪበ፣ አርባ ዓመት ሙሉ
በጉልበቱ ኖረ፤ ሌሎች ቆመው ሲውሉ
እሱ ተንበርክኮ ጡብን ደረደረ፣
ዶርድሬክትን ሰፍቶ፣ በመዶሻ እየመከረ።

ከባሕር በታች ነን፤ ውሃ ነው ጠላታችን።
አድርቅ፣ ድፈን፣ አንጥፍ፤ ይህ ነበር ትምህርታችን።
የእኔንም ግቢ ቢሆን ያኔ ያነጠፈው
እሱ ነው፤ ከሣር አጨዳ ጣጣ ያሳረፈው።

ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት
ድጅኖ ይዞ ቆመ፣ በገዛ ጓሮው ፊት።
የመጀመሪያውን ጡብ፣ ጥርስ እንደሚነቅል፣
ቀስ አድርጎ አነሣው፤ ከሥሩ ወጣ ትል።
አንድ ትል። የገረጣ፣ ብርሃን ያልለመደ።
ቪበ ጎንበስ አለና «ይቅርታ» ብሎት ሄደ።

ቀን በቀን ሲነቅል፣ ክምሩ ሲቆም በደጅ፣
«ምን ነክቶህ ነው?» አልኩት። አልመለሰም እንጅ
ጉልበቱን ዳበሰ፣ እንደ ሁለት ምስክር፤
«ዕዳ አለብኝ» አለኝ፣ «ለዚህ ለታች አፈር።»

ብዙም አልተከለ። አንድ የአኻያ ቅርንጫፍ
ከቦዩ ዳር ቆርጦ ሰካት ከግንቡ ጫፍ።
ከዚያ ተወው። ዝም ብሎ። ቻለበት መተው።
ሳማ መጣ በራሱ፤ ማገጥ ተከተለው።
ስሙን የማላውቀው ቢጫ አበባ ወጣ፤
ነፋስ ይሁን ወፍ፣ ዘሩን ማን እንዳመጣ።

እኔ ግን ጻፍኩበት። አዎ፣ ለማዘጋጃ።
(ቅጂው አሁንም አለ፤ ይኑር ለማስረጃ።)
«ቪበ ፌንስትራ» አልኩኝ፣ «ሳይጃጅ አልቀረም፤
ሳማው የልጅ ልጄን ለበለባት፤ ጓሮው ሁሉ አረም።»

ዮሪንዴ በማግስቱ ከአጥሩ ሥር ተንጋላ
ሳማውን ታያለች፣ አባጨጓሬ ሲበላ።
«አያቴ፣ እሱን አይለበልበውም?» አለች። ምን ልበላት?
ሠላሳ ዓመት ፖስታ አድዬ፣ ለዚህ መልስ አጣሁላት።

ነሐሴ ላይ ዘነበ። ዶፍ ማለት ያንሰዋል።
የወር ውሃ በአንድ ሰዓት። ጡብስ ምን ያውቃል?
እንደታዘዘው አደረገ፣ ከላዩ አንሸራትቶ፤
ውሃው ምድር ቤቴ አደረ፣ ሳያንኳኳ ገብቶ።
የሟች ሚስቴን ልብሶች፣ የፎቶግራፍ ሣጥን፣
ተንሳፍፈው አገኘኋቸው፣ ባትሪ ይዤ ሌሊቱን።

በመስኮት ወደዚያ ባይ፣ የቪበ ጓሮ ይጠጣል።
ሌላ ቃል የለኝም። እንደ ጥጃ ይጎነጫል፣
ለአፍታ ኩሬ ይሠራል፣ ይተነፍሳል፣
ደግሞ ይጠጣል።
ጎህ ሲቀድ እንቁራሪት ጮኸ፣ ከኩሬው ጨለማ፤
በዚህ ሰፈር ሠላሳ ዓመት ድምፁ ያልተሰማ።

ጠዋት ባልዲ ይዞ መጣ። ስለ ደብዳቤው ያውቃል፤
ማዘጋጃው ነግሮታል። አላነሣውም። ይቀዳል፣
ደረጃ ይወጣል፣ ጉልበቱ ቋ ይላል፣ ይወርዳል።
«ቪበ…» ብዬ ጀመርኩ። «እሺ» አለኝ፣ ሳልናገር፤
«ድጅኖው ከበሩ ጀርባ ነው። ከባዱ መጀመር።»

በሰባ አንድ ዓመቴ የመጀመሪያውን ጡብ ነቀልኩ።
ትል አልነበረም ከሥሩ። ስገለብጠው ግን ተመለከትኩ
በምስማር የተጫረ፣ የወጣት እጅ ጽሑፍ፦
«ከዚህ ሣር ውስጥ ጎጆ አነሣሁ። የወፍ።
አራት እንቁላል።»
ያ ብቻ። ስምም የለው።
እጁን ግን አውቀዋለሁ፤ የገና ካርዱን በየዓመቱ እኔ ነበርኩ የማደርሰው።

ለቪበ አላሳየሁትም። ዕዳውን እሱ ያውቃል።
ጡቡ ግን ከእኔ ጓሮ፣ ባዶው አፈር ላይ ተቀምጧል፣
ፊደሉ ወደ ሰማይ።
ሲዘንብ ጭረቱ ውሃ ይይዛል፤
ትናንት አንዲት ድንቢጥ ስትጠጣ አየኋት፣
ከ«እንቁላል» ላይ።